አርባ አንድ ጊዜ ያመለጠው አውቶቡስ

አማቴ ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት በአንድ ሰው ላይ እንኳ ጭረት አላደረሱም። ለዚህም የጋራዡ ሰዎች «ጋሽ ፍሬን» የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙ ግማሹ ሙገሳ፣ ግማሹ ሽሙጥ ነው። ሌሎቹ ሾፌሮች ቢጫ መብራት ሲያዩ ነዳጅ ይረግጣሉ፤ እሳቸው ግን አረንጓዴውንም አያምኑትም ይባል ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላም ልማዱ አልለቀቃቸውም። በእግር ስንሄድ መንገድ ዳር ቆመው ግራ ያያሉ፣ ቀኝ ያያሉ፣ እንደገና ግራ ያያሉ። በር ሲዘጉ አንድ ጊዜ ገፋ አድርገው ይፈትሻሉ። የሻይ ብርጭቆ ሲያስቀምጡ ከጠረጴዛው ጠርዝ አራት ጣት ያርቃሉ።

እኒህ ሰው በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ጌም መጫወት ልጀምር ነው ሲሉኝ የቀለዱ መሰለኝ።

ባለቤቴ፣ ልጃቸው፣ ካረፈች ሁለት ወር ሆኖ ነበር። እሑድ ረፋድ ላይ እንደ ልማዳቸው ዳቦ ይዘው መጡ። ሻይ አፈላሁ። ሻያቸውን ጨርሰው ብርጭቆውን አራት ጣት ካራቁ በኋላ ከቴሌቪዥኑ ሥር ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠውን የጌም ማጫወቻ አዩት።

«ይሄ ነገር አሁንም ይሠራል?»

«ይሠራል መሰለኝ» አልኳቸው።

«ልጨርሰው ነው።»

«ምኑን አባባ?»

«የጀመረችውን።»

ባለቤቴ መድኃኒት ቤት ነበር የምትሠራው። ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ቅዳሜ ከሰዓት ልብሱን አጥባ ካሰጣች በኋላ ምንጣፉ ላይ ትቀመጥና ጀርባዋን ለሶፋው ሰጥታ፣ እግሯን ዘርግታ ትጫወት ነበር። ያው አንድ ጌም ነው። አንድ ትልቅ ከተማ አለ፤ አንዲት ካባ የለበሰች ሴት አለች። ትበራለች፣ መኪና ታነሣለች፣ እሳት ውስጥ ገብታ ሰው ታወጣለች። ከተማው ክፍት ነው፤ በፈለጉት መንገድ መሄድ፣ የፈለጉት ጣሪያ ላይ ማረፍ ይቻላል። እኔ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። እሷ ስትጫወት እኔ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ ወረቀቶቼን አርም ነበር። የነፋሱን ድምፅ እሰማለሁ። ቀና ብዬ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት እንደ ሌላው ቀን አጥፍታው ተነሣች። ካረፈች በኋላ አንድ ቀን ብቻ ከፍቼው ነበር። ጌሙ ዘጠና ሦስት ከመቶ ይላል። ባለ ካባዋ ትልቅ ሰዓት ያለበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነበረች። ለካ የሚያዛት ሰው ሲጠፋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ትላለች። እግሯን ቁልቁል አንጠልጥላ፣ ካባዋን ነፋስ እያወዛወዘው፣ ከተማውን ታያለች። ባለቤቴ ያስቀመጠቻት ቦታ ነው። ማጫወቻው ደግሞ አንድ ነገር በተደረገ ቁጥር ራሱ ሴቭ ያደርጋል፤ የነካት ሰው ሁሉ ከዚያ ቦታ ያነሣታል፣ የቀድሞውም ይጠፋል። አጠፋሁትና ጨርቅ አለበስኩት።

ስለዚህ «አይሆንም» አልኳቸው።

«ለምን?»

ነገርኳቸው። አማቴ ሰምተው ሲያበቁ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ቦታው አንድ ብቻ ነው? ሌላ ሰው ልጫወት ቢል የሚጀምርበት የለውም?»

«ሦስት ቦታ አለው። የእሷ የመጀመሪያው ነው።»

«እንግዲያው ከሁለተኛው ላይ፣ ከዜሮ እጀምራለሁ። የእሷን አልነካም። ሾፌር የሰው መኪና ሳያስፈቅድ አይነዳም።»

«አባባ፣ ይሄ ወራት ይፈጃል እኮ።»

«ምን ሥራ አለኝ?» አሉኝ።

እምቢ የምልበት ምክንያት አለቀብኝ።

*

ሶፋው ላይ አልቀመጥም አሉ። ከወጥ ቤት ቀጥ ያለ ወንበር አመጡ። አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ሳብ እያደረጉ አስተካከሉት። መነጽራቸውን ጠረጉ፣ እጃቸውን ታጥበው መጡ፣ ከዚያ ጆይስቲኩን ተቀበሉኝ።

«መሪው የቱ ነው?»

አሳየኋቸው።

«ነዳጁስ?»

አሳየኋቸው።

«ፍሬኑስ?»

ፍሬን የለውም። ጣትን ከቁልፉ ላይ ሲያነሡ ራሷ ትቆማለች። ይህን ስነግራቸው ጆይስቲኩን ገልብጠው ጀርባውን ፈተሹት።

«ፍሬን የሌለው ነገር ለሰው ይሰጣል?» አሉ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ቁልፍ ሰጠኋቸው። እኔ ማተሚያ ቤት እውላለሁ፤ ለምሳ ስመጣ ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው አገኛቸዋለሁ። እሑድ ደግሞ አብረን ነን። ጌሙ የሚናገረው በባዕድ ቋንቋ ስለሆነ እሑድ እሑድ መዝገበ ቃላቴን አጠገቤ አድርጌ የተጻፈውን አነብላቸዋለሁ። ሌላውን ቀን በሥዕሉ ብቻ እየገመቱ ነው የሚሄዱት።

የመጀመሪያውን ወር አልበረሩም። መብረር ያቃታቸው መስሎኝ ቁልፉን ደግሜ አሳየኋቸው። «አውቃለሁ» አሉኝ። ባለ ካባዋን በእግር ያስኬዷታል። እያንዳንዱን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በእግረኛው በኩል። መንገድ ማቋረጫ ሲደርሱ ትቆማለች፤ ቀይ ሲበራ ከሌሎቹ እግረኞች ጋር ቆማ ትጠብቃለች። ወንበዴዎች ባንክ እየዘረፉ ደወል ሲጮህ እሷ መብራት ትጠብቃለች።

አሮጌ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ካርታ ይሥሉ ጀመር። ጌሙ ራሱ ካርታ አለው። እሳቸው ግን «ከላይ ያየኸውን ከተማ አታውቀውም» ብለው የራሳቸውን ሠሩ። ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ጠባቡን መታጠፊያ፣ ፌርማታዎቹን በእርሳስ አሰፈሩ።

በሁለተኛው ወር እትዬ ጠጋጠጋ መጡ። እኒህ ሴት ከአማቴ ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ አውቶቡስ ላይ ትኬት የቆረጡ ናቸው። መንገደኛውን «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ውስጡ ባዶ ነው» ሲሉ ኖረው ስማቸው እዚያው ቀረ። ለቅሶ ሊደርሱኝ ነበር የመጡት። ገብተው ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ ቴሌቪዥኑን አዩና ለቅሶውን ለጊዜው ረሱት።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ልጅ ክንፍ አላት አይደል እንዴ? ምን አድርጋህ ነው በእግሯ የምታስኬዳት?»

«ክንፍ አይደለም፣ ካባ ነው» አሉ አማቴ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

«ካባም ይሁን አንሶላ! ትበራለች አይደል?»

«መንገዱን ሳላውቅ አልበርም።»

«አሁን ደግሞ ምን ሆነህ ቆምክ?»

«ቀይ ነው።»

«ሰማይ ላይ ማን ቀይ መብራት ሰቅሎ!»

«እኔ ያለሁት መሬት ላይ ነው። ዝም ብለሽ ሻይሽን ጠጪ።»

እትዬ ጠጋጠጋ ወደ እኔ ዞሩ። «አየህ ልጄ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ነው የሠራሁት። መንገደኛው ወርዶ በእግሩ ይቀድመን ነበር።»

ቤቱ ውስጥ ከስንት ጊዜ በኋላ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። የሳቅሁት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ እሳቸውም ይመጣሉ። ሥራቸው ካርታውን ጭናቸው ላይ ዘርግቶ መንገድ መጥራት ሆነ። «ቀጥሎ ድልድይ! ቀጥሎ ትምህርት ቤት!» ይላሉ። አማቴ «እሺ» አይሉም፤ ግን በጠሩት በኩል ይታጠፋሉ።

በሦስተኛው ወር በረሩ። ያን ጊዜ ነው ያ ሁሉ የእግር ጉዞ ለምን እንደሆነ የገባኝ። ሌላ ሰው ሰማይ ላይ ሆኖ ምልክት ሲፈልግ እሳቸው የት እንደሚወርዱ አስቀድመው ያውቁታል። ግን ጠቡ አስቸገራቸው። አንድ ዱላ የያዘ ጎረምሳ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲደበድባቸው ሰነበተ። አውራ ጣታቸው ቁርጥማት አለበት፤ ከዘጠኙ ቀን በአምስተኛው አብጦባቸው መጡ። ጨርቅ ጠምጥመውበታል።

«ይረፉ አባባ» አልኳቸው።

«እሱ አርፏል?» አሉ፣ ወደ ጎረምሳው እያመለከቱ።

በዘጠነኛው ቀን ለምሳ ስገባ ጎረምሳው መሬት ላይ ነበር። አማቴ ጣታቸውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ዳቦ ይበላሉ። እኔም ሳልጠይቃቸው ሾርባውን አሞቅሁ።

አሥራ ሁለት ከመቶ። ሠላሳ። ሃምሳ አምስት። ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ። አንዳንድ ጊዜ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ጨርቁን መልሼ ሳለብሰው፣ በመጀመሪያው ቦታ ላይ ያለችው እንዴት ናት ብዬ አስባለሁ። አልከፍተውም። እንዳለች እንደሆነች አውቃለሁ።

*

በሰባተኛው ወር፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ አማቴ ያ ሰዓት ያለበት ሕንፃ ላይ ደረሱ። ጌሙ ራሱ ነው ወደዚያ ጣሪያ የላካቸው። ከጣሪያው ሥር ረጅም ቁልቁለት ይጀምራል፤ መጨረሻው ወንዝ ነው። አንድ አውቶቡስ ከላይ መጣ። ጢስ እያወጣ፣ መንገደኞቹ መስኮቱን እየደበደቡ፣ ቁልቁል ተለቀቀ። ፍሬኑ ተበጥሷል።

አማቴ አልተንቀሳቀሱም። አውቶቡሱ ወንዙ ውስጥ ገባ። ጌሙ ባለ ካባዋን ጣሪያው ላይ መለሳትና «ሙከራ 1» ብሎ ጻፈ።

«አባባ?» አልኩ።

ጆይስቲኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ደውላልኝ ነበር» አሉ። «ሆስፒታል ከመግባቷ ሦስት ሳምንት በፊት። ‹አባዬ፣ አንድ አውቶቡስ እምቢ ብሎኛል። ፍሬኑ ተበጥሶ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ልይዘው አልቻልኩም። አንተ ታውቅበታለህ፣ መጥተህ እየው› አለችኝ። ሳቅሁባት። እሑድ እመጣለሁ አልኳት። እሑድ ዝናብ ነበር፣ ቀረሁ። የሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ አልኩ፤ ያን ጊዜ ጋራዡ ለጡረተኞች ግብዣ ነበረው። ከዚያ በሚቀጥለው ሆስፒታል ነበርን።»

እትዬ ጠጋጠጋ ካርታውን አጠፉት።

«ሌላ ነገር የጠየቀችኝ የለም» አሉ አማቴ። «መድኃኒት ከሥራዋ፣ ወጪ ከኪሷ፣ ሁሉን ራሷ ነበረች። ከትምህርት ቤት ከወጣች ጀምሮ ይሄን ብቻ ነው ና እየው ያለችኝ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ።

«እንቀጥል» አሉ።

በዚያ ቀን አምስት ጊዜ ወደቁ። አውቶቡሱን ከፊት ሲይዙት ገፍቷቸው ይሄዳል። ከኋላ ሲጎትቱት የኋላው ብረት ተገንጥሎ እጃቸው ላይ ይቀራል። ከላይ ሊያነሡት ሲሉ ጣሪያው ይቀደዳል። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት እኔ የትምህርት መጻሕፍት ማረም ተደርቦብኝ እሑድንም ማተሚያ ቤት ዋልኩ። እሳቸው ብቻቸውን ይመጣሉ፤ ማታ ስገባ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ወረቀት አገኛለሁ። ቁጥር ብቻ ነው ያለባት። አሥራ አንድ። አሥራ ስድስት። ሃያ ሁለት።

ሥራው ሲቀል በመጀመሪያው እሑድ ቁጭ አልኩ። እትዬ ጠጋጠጋም መጡ፤ ሶፋው ላይ ያለውን ወረቀቴን «ጠጋ በል» ብለው አነሡት።

«ፊት ለፊት የቆመ ሰው አውቶቡስ አያቆምም» አሉ አማቴ። «ይሄን ማንም ሾፌር ያውቃል። ያለው ዘዴ ማርሽ መቀነስ፣ ዳር ማስያዝ፣ ጎማውን ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ጋር ማፋተግ ነው። ሞክሬዋለሁ። ይቀዘቅዛል፣ አይቆምም። ከባድ ነው። እስቲ አንተ ወረቀት አንባቢ፣ ሲጀምር የሚጽፈውን ቃል በቃል አንብብልኝ።»

ከዚያ በፊት እኔ «አውቶቡሱን አድን ነው የሚለው» ብያቸው ነበር። በችኮላ ያልኩት ነው። አሁን መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። ቃሉ አንድን ነገር ከከፍታ ወደ ዝቅታ፣ ከዳገት ወደ ሜዳ ማድረስ የሚል ነው። አሰብኩና እንዲህ አልኳቸው።

«‹መንገደኞቹን በሰላም አውርድ› ይላል።»

አማቴ ወደ እትዬ ጠጋጠጋ ዞሩ። እትዬ ጠጋጠጋም ወደ አማቴ።

«አውርድ ነው የሚለው?»

«አውርድ ይላል።»

«አቁም አይልም?»

«አይልም።»

«ታዲያ ይሄን ከመጀመሪያው አትነግረኝም!» አሉና ወንበራቸው ላይ ተስተካከሉ። «አንቺ፣ ካርታውን ክፈቺ። ከሰዓቱ ሕንፃ እስከ ወንዙ ስንት ፌርማታ ነው?»

«ሰባት» አሉ እትዬ ጠጋጠጋ። ካርታውን አላዩም።

አውቶቡሱ ከላይ መጣ። ባለ ካባዋ ወረደች። ከፊት አልቆመችም፤ በጎኑ ሆና በትከሻዋ ወደ ዳር ገፋችው። ጎማው ከጠርዙ ጋር ተፋተገ፣ ብልጭታ ወጣ፣ ቀዘቀዘ። የመጀመሪያው ፌርማታ መጣ።

«ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ እትዬ ጠጋጠጋ።

አማቴ በአንድ እጅ አውቶቡሱን እንደያዙ በሌላው በሩን ከፈቱ። ሁለት ሰዎች አወጡና የእግረኛው መንገድ ላይ አቆሟቸው። አውቶቡሱ እንደገና ተለቀቀ። ሁለተኛውን ፌርማታ አለፉት፤ ሦስተኛው ላይ ተገለበጠ።

«ሁለተኛው ላይ አልጠራሽም!»

«ጠርቻለሁ! አንተ ነህ ያልሰማኸው! ድሮም እንዲሁ ነበርክ!»

«ድሮ ሰምቼ ያላቆምኩበት ቀን ካለ ንገሪኝ።»

«ያ ሽንኩርት የተሸከመው ሰውዬስ?»

«እሱ ከፌርማታ ውጭ ነው የጠየቀው!»

እንደገና ጀመሩ። አራተኛው ላይ ወደቁ። እንደገና። አምስተኛው ላይ። ሰው ሲወርድ አውቶቡሱ እየቀለለ እንደሚሄድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ በየፌርማታው ለመግፋት ትንሽ ይቀላል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች አስበውበት ይሁን፣ እንዲያው ሆኖላቸው ይሁን አላውቅም።

በሃያ ስምንተኛው ሙከራ ሰባቱም ፌርማታ ተጠራ። አሥራ አራቱም መንገደኞች ወረዱ። የመጨረሻው ሳጥን የተሸከመ ሽማግሌ ነበር፤ አማቴ ሳጥኑንም አወረዱለት። ባዶው አውቶቡስ ወደ ወንዙ ሲንደረደር ባለ ካባዋ ፊቱ ቆመችና በሁለት እጇ ያዘችው። ቆመ።

«ባዶ አውቶቡስ ማንም ያቆመዋል» አሉ አማቴ። ድምፃቸው ግን እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም።

ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወጥ ቤት ገባሁ። አጠብኳቸው። የታጠቡትን ደግሜ አጠብኳቸው። ተመልሼ ስመጣ፣ ሳልናገረው ብቀር ስለማይቀለኝ፣ እውነቱን ነገርኳቸው።

«አባባ፣ የተረጎምኩት ትክክል አልነበረም። ‹ከቁልቁለቱ በሰላም ወደ ታች አድርሳቸው› ነው የሚለው። ከአውቶቡሱ አውርዳቸው አይደለም። እኔ አውርድ ስል እርስዎ…»

አማቴ አዩኝ።

«እኔ የሰማሁት ሾፌር የሚሰማውን ነው» አሉ። «በል፣ አራሚ ነኝ ብለህ ይችን እንዳታርማት።»

*

ጆይስቲኩን በመሐረብ ጠርገው ማጫወቻው ላይ አስቀመጡት። ጨርቁን መልሰው አለበሱት። ኮታቸውን ያዙ።

«እንግዲህ የእኔ ሥራ አለቀ» አሉ። «የቀረውን ዱላ መማዘዝ ሌላ ሰው ይጨርሰው። አየሁላት።»

አልጠየቁኝም። ከሰባት ወር በፊት አልነካም ብለዋል፣ አልነኩም። እትዬ ጠጋጠጋ ግን ከሶፋው ሳይነሡ እኔን ያዩኛል።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አሉ ለማንም ሳይሆን።

አማቴ በሩ ጋ ደርሰዋል። እጀታውን ይዘዋል።

አውቶቡሱ ቆመ። ግን የቆመው በእሳቸው ከተማ ነው። በእሷ ከተማ ላይ እምቢ እንዳለ ነው። ይህን ሳስብ ጣሪያው ላይ ያስቀመጠቻት ለምን እንደሆነ ገባኝ። እኔ መልካም ቦታ መርጣ ያሳረፈቻት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አባቷን እየጠበቀች ነበር።

«አባባ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

ጨርቁን አነሣሁ። የመጀመሪያውን ቦታ እኔው ራሴ ከፈትኩት።

እንደተውኳት ናት። እግሯን አንጠልጥላ፣ ካባዋን ነፋስ ይዞት። ከሥሯ ጥግ ላይ «ሙከራ 41» ይላል። ቁጥሩን ከዚያ በፊት ልብ አላልኩትም ነበር።

«አርባ አንድ ጊዜ» አሉ አማቴ።

«የማን ልጅ ሆና» አሉ እትዬ ጠጋጠጋ።

አማቴ ጆይስቲኩን አልተቀበሉኝም። «ካልተሳካ ጣሪያዋ ላይ ትመለሳለች፤ ምንም አይጠፋም። ከተሳካ ግን ከዚያ ትነሣለች። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

ተቀበሉኝ። አውቶቡሱ መጣ። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። እትዬ ጠጋጠጋ ቆመው ነው የሚጠሩት። ስድስተኛው ላይ የአማቴ አውራ ጣት ከቁልፉ አዳለጠ። አውቶቡሱ ተገለበጠ፣ ጌሙም ባለ ካባዋን ወደ ጣሪያዋ መለሳት። «ሙከራ 42»።

ያን ጊዜ ይብቃ ማለት እችል ነበር። አማቴም ጣታቸውን እያሹ ያንን ቃል ነው የጠበቁት። ቁጥሩን አየሁት። አርባ አንዱ የእሷ ነው፤ አርባ ሁለተኛው የእሳቸው። ጌሙ ግን እጁን አልለየም፤ አንድ ሰው እየሞከረ እንደሆነ ነው የቆጠረው።

«ይድገሙት» አልኩ።

ጨርቁን ከጣታቸው ላይ ፈቱት፣ አጥብቀው መልሰው ጠመጠሙት። አውቶቡሱ መጣ።

«ወራጅ አለ!… ወራጅ አለ!… ጠጋ ጠጋ በሉ፣ በሩን ልቀቁ፣ ወራጅ አለ!»

ሰባተኛው ላይ ሳጥን የተሸከመው ሽማግሌ ወረደ። ባለ ካባዋ ባዶውን አውቶቡስ ወንዙ ዳር ላይ አቆመችው። መንገደኞቹ በየፌርማታው ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ዘጠና አራት ከመቶ። ሴቭ የሚያደርግበት ምልክት ጥግ ላይ ዞረ፣ ዞረና ጠፋ። ጣሪያው ባዶ ሆነ።

አማቴ ጆይስቲኩን ወደ እኔ ዘረጉት።

«እኔ አልችልበትም» አልኩ።

«መንገዱን ታውቀዋለህ። ሰባት ፌርማታ ነው። ጣሪያዋ ላይ መልሳት።»

ሰባት ወር ሙሉ ያንን ነገር አጽድቼ አስቀምጬዋለሁ እንጂ አንድ ቀን ተጫውቼበት አላውቅም ነበር። እንዳሳየኋቸው አድርጌ ያዝኩት። ባለ ካባዋ ግድግዳ ገጨች፣ ዞረች፣ መልሳ ገጨች። ከዚያ ዳገቱን ያዘች። በእግሯ ነው የወሰድኳት። ሦስተኛው ፌርማታ ጋ መንገዱን ልታቋርጥ ስትል ቆምኩ።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ እትዬ ጠጋጠጋ።

«ቀይ ነው» አልኩ።

«ወይ ጉድ! ይሄም ተለከፈ!»

ሕንፃው ሥር ደረስን። ደረጃ የለውም፤ ወደ ጣሪያው የሚወስድ ሌላ መንገድ የለም። አማቴ ጎንበስ ብለው በታሠረው ጣታቸው ቁልፉን አሳዩኝ። «ተጫን። አትፍራ» አሉኝ።

ተጫንኩ። ከጣሪያው በላይ አልፋ ሄደች፣ አዞርኳት፣ እንደገና አለፈች። በሦስተኛው ጠርዙ ላይ አረፈች።

«ወራጅ አለ» አልኩና ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ።

ትንሽ ቆመች። ከዚያ ቁጭ አለች፣ እግሯንም አንጠለጠለች። ቁልቁለቱ ከሥሯ ነው፤ አውቶቡሱ ወንዙ ዳር እንደቆመ ከላይ ይታያል። አማቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ቴሌቪዥኑን ግራ አዩት፣ ቀኝ አዩት፣ እንደገና ግራ አዩት።

«አሁን ይሻላል» አሉና ኮታቸውን ለበሱ።